ሁለተኛው በጋ በዌብ ወንዝ

በዚያ ዓመት በጋ ሁለት ጊዜ ታወጀ።

የመጀመሪያው አዋጅ የደረሰው እንደ ወትሮው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከንጋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። በባሌዋ ዲንሾ ከተማ ያለ ስልክ ሁሉ አንድ ጊዜ ጮኸና "ከዛሬ ጀምሮ በጋ ነው" የሚል ጽሑፍ አሳየ። ሰዉም ተነስቶ ማድረግ ያለበትን አደረገ። ላሞቹን ነጩን የፀሐይ ልብስ አለበሰ። ከማግስቱ ጀምሮ ልጆቹን በጨለማ እየቀሰቀሰ ትምህርት ቤት ላከ፤ በበጋ ትምህርት አራት ሰዓት ላይ ያልቃል። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት መንገዱ ባዶ ይሆናል። በዚያ ሰዓት የሚንቀሳቀሱት አውቶቡሶቹ ብቻ ናቸው፤ ያለ ሾፌር ይመጣሉ፣ ባትሪ ይቀየርላቸዋል፣ ወደ ጎባ ያልፋሉ።

ባትሪውን የምትቀይረው ሩቂያ ከድር ናት። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቿ ሮቤ ናቸው። በከተማው የምትታወቀው ግን በባትሪ ሳይሆን በዓሣ ነው።

ዓሣ ማጥመድ የጀመረችው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የቀኝ ትከሻዋ አልታዘዝ ሲላት ጎባ ሄደች፤ እዚያ ያገኘቻት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ "ክንድሽን ወደ ኋላና ወደ ፊት የምታወዛውዢበት ሥራ ፈልጊ፤ ደግሞ የማይሰለችሽ ይሁን" አለቻት። በዚያው ሰሞን የድሮው የቱሪስት ማረፊያ ሲዘጋ ዕቃው ለፈለገ ሰው ይሰጥ ነበርና፣ ሩቂያ ከግድግዳ ላይ ቀጭን ረጅም ዘንግ አውርዳ ወሰደች። በዘንጉ ጫፍ ትል አይሰካም። መንጠቆው በላባና በክር ተጠቅልሎ የወንዝ ዝንብ ይመስላል፤ እውነተኛ ዝንብ ውሃ ላይ እንደሚያርፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው ሥራው። የዲንሾ ሰው ያንን መንጠቆ በአጭሩ "ላባ" ይለዋል። ሩቂያ ላባዋን በትክክል ለማሳረፍ ሁለት ክረምት ፈጀባት። ትከሻዋ ግን በአንዱ ክረምት ዳነ።

ዓሣው ትራውት ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ በባሌ ወንዞች ከተለቀቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ብርድ ይወዳል፤ ብርድ ደግሞ ከአገሩ እየወጣ ነበር። ሩቂያ ስትጀምር አሥራ አንድ ባለ ፈቃድ አጥማጆች ነበሩ። ውሃው በየዓመቱ እየሞቀ፣ ዓሣውም እየሳሳ ሲሄድ እነሱም አንድ በአንድ ተዉት። በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት የፈቃዱን አምባር በክንዱ ያሰረ ሰው እሷ ብቻ ቀርታ ነበር።

ሩቂያ ወቅቶችን በስልክ አታውቅም፤ በላባ ነው የምታውቃቸው። በክረምት ውሃው ወፍራምና ቡናማ ነውና ትልቅ ጥቁር ላባ ታስራለች፤ ዓሣው በዓይኑ ሳይሆን በጎኑ ይሰማዋል ትላለች። በመፀው ውሃው ይጠራል። ያኔ ከቀትር በኋላ ከዌብ ወንዝ ፊት ትንንሽ ግራጫ ዝንቦች እንደ ጢስ ይነሳሉ፤ ገና ክንፋቸው ሳይደርቅ ዓሦቹ ከታች እየወጡ ይለቅሟቸዋል፤ ወንዙ ዝናብ ሳይኖር ዝናብ የሚመታው ይመስላል። በዚያ ሰዓት ከጤፍ ብዙም የማይበልጥ ላባ ታስርና ትወረውራለች። የያዘችውን ዓሣ በእርጥብ እጇ ትደግፈዋለች። ጎኑ የበሰለ ገብስ ይመስላል፣ ጥቁርና ቀይ ነጠብጣብ አለበት። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠብቃ ትለቀዋለች፤ ደንቡም እንደዚያ ነው። በበጋ ዘንጉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

በየወንዙ መታጠፊያ ደግሞ ግራጫ ምሰሶ ቆሟል። ምሰሶው ሙቀቱን ይለካል፣ የሚያልፈውን ዓሣ ይቆጥራል፣ ቁጥሩን ለወንዞች መዝገብ ቤት ይልካል። ውሃው ሲሞቅ በአናቱ ላይ ያለው መብራት ቀይ ይሆናል፤ ቀይ ሲሆን ዘንግ ይዞ መቅረብ አይቻልም። በየበጋው ምሰሶዎቹ ለሃምሳ፣ ለስድሳ ቀን ዜሮ ይጽፋሉ። በልግ ሲገባ ዓሦቹ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ እንደገና ይታያሉ። ይህን ማንም አልመረመረውም። ደንቡ የሚጠይቀው ስለ ዘጠና ቀን ብቻ ነበር፤ አንድ ወንዝ ዘጠና ተከታታይ ቀን ዜሮ ከጻፈ "ዓሣ አልባ" ተብሎ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ውሃውም ወደ ስንዴ ማሳ ይዞራል። ቧንቧው ከድልድዩ አጠገብ ድረስ ተዘርግቶ አልቋል። የቀረው መክፈት ነው።

በዚያ ዓመት ምሰሶዎቹ የመጀመሪያውን ዜሮ የጻፉት የካቲት አንድ ቀን ነው። በልግ በመጋቢት ሃያ ሁለት ታወጀ፣ ዝናቡም መጣ፣ ውሃው ደፈረሰ። ምሰሶ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ አያይም፤ ያላየውንም ዜሮ ብሎ ይጽፋል። በሚያዝያ ስድስት፣ በስድሳ ስድስተኛው ቀን፣ ሩቂያ ከድልድዩ በላይ ባለው ሦስተኛ መታጠፊያ ትልቁን ጥቁር ላባ ጥላ አንዲት ሴት ዓሣ ያዘች። የጭራዋ የላይኛው ጫፍ ተቆርጧል። ሩቂያ ይህችን ዓሣ ታውቃታለች፤ በኅዳር እዚያው ቦታ ይዛ ለቃታለች።

ፎቶዋን ይዛ ወደ መዝገብ ቤቱ ቅርንጫፍ ሄደች። ቅርንጫፉ አንድ ክፍልና አንድ ሰው ነው። ሰውየው ይትባረክ ሞላልኝ ይባላል፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ ከአሰላ ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ፎቶውን ደጋግሞ አየው።

"ያችው ናት" አለችው ሩቂያ። "ጭራዋን ተመልከት።"

"ያችው ናት" አለ ይትባረክ። "ምሰሶዎቹ ግን ከየካቲት ወዲህ አንድም አላዩም።"

"ውሃው ደፍርሷል። ደፍርሶ ሳለ ምን ያያሉ?"

"ምንም።"

"ታዲያ?"

"ምንም ካላዩ ዜሮ ነው የሚጽፉት፣ ወይዘሮ ሩቂያ። ሌላ የሚጽፉት የላቸውም።" ይህን ሲል አላፈረም፤ ደስም አላለውም። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። "አንድ ዓሣ መዝገብ አያስለውጥም። በጋውን የሚያሳልፉበትን ቦታ ካሳዩኝ ግን ራሴ ቆሜ እቆጥራለሁ። የሰው ቆጠራ ከምሰሶ ይበልጣል፤ ይህም ደንብ ነው።"

"ፈልጌ አሳይሃለሁ።"

"አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ፣ ኋላ እንዳያዝኑብኝ። መጠጊያቸው ከተገኘ ወንዙ የተዘጋ ውሃ ይባላል። ከላይ እስከ ድልድዩ ዘንግ አይገባበትም። የእርስዎም ቢሆን።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ መቼ የሚል ነገር የለውም።"

ሩቂያ ፎቶውን አጥፍታ ወጣች።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ አሥራ አንድ፣ ስልኮቹ እንደገና ጮኹ። "ከዛሬ ጀምሮ በጋ ነው።" ብዙ ሰው ስህተት መስሎት ስልኩን አጥፍቶ አበራው። ስህተት አልነበረም። በልጉ በጠቅላላው አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ሰዎች ከላሞቹ ላይ ያወለቁትን የፀሐይ ልብስ መልሰው አሰሩ፤ ወንዙ በሳምንት ውስጥ እንደገና ጠራ፣ ሞቀ፣ ቀይ መብራቶቹ በሩ።

ሩቂያ በዕረፍት ቀኖቿ ወንዙን በእግሯ ወጣች። ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ እየሄደች፣ የሚቀዘቅዝ ቦታ በእግሯ ትፈልግ ነበር። እስከ ሰባ ስምንተኛው ቀን ድረስ ያገኘችው ለብ ያለ ውሃና አረንጓዴ ዝቃጭ ነው።

ፍንጩን ያገኘችው ብርድ ቤት ውስጥ ነው። ብርድ ቤት ከገበያው ጀርባ ያለ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ውስጡ እንደ ድሮው የዲንሾ ማለዳ ቀዝቅዞ ይጠበቃል። ዓርብ ከሰላት በኋላ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ተከናንበው አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ፣ ሲወጡ ጋቢውን አጥፈው ይይዛሉ። ወጣቶች አይገቡም፤ ምኑ እንደሚያስደስት አይገባቸውም። ሩቂያ ከሐጂ አማን ገልቹ አጠገብ ተቀመጠች። ሐጂ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ በዲንሾ አካባቢ ፈረስ የሚያረቡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ይሄ ብርድ አይደለም" አሉ ሐጂ ጋቢያቸውን እየሳቡ። "ብርድ ድምፅ አለው። ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው።"

"ድምፅ ያለው ብርድ የት ቀረ፣ ሐጂ?"

"ቡርቃ ጉራቻ አለ። ጥቁሩ ምንጭ፤ ከግጦሼ በላይ፣ አለቱ የተናደበት። ውሃው ጥርስ ያሳምማል።" ትንሽ አሰቡ። "ፈረሶቼ ግን በበጋ እዚያ አይጠጡም። ይጠጉና ጆሯቸውን አቁመው ይመለሳሉ። ውሃው ውስጥ የሆነ ነገር አለ።"

"ምን አለ?"

"እኔ ምን አውቄ። እንደ ፈረሶቹ እኔም ተመለስኩ።"

ሩቂያ ቦታውን በደንብ ጠየቀቻቸው። ሐጂ በጣታቸው በጋቢያቸው ላይ ሥለው አሳዩአት።

በሰማንያ አራተኛው ቀን፣ ማለዳ፣ ዘንጓን ይዛ ወጣች። መብራቱ ቀይ ነበር፤ መያዝ እንደሌለባት ታውቃለች። ያለ ዘንግ ስትፈልግ ሰንብታ እጇ ባዶ ሆኖባት ነበርና ያዘችው። የደረቁትን የአስታ ቁጥቋጦዎች አልፋ፣ ከሐጂ ግጦሽ በላይ ወዳለው የተናደ አለት ስትደርስ ፀሐይ ገና ከተራራው ላይ እየወጣች ነበር። ከወንዙ እስከ አለቱ አርባ እርምጃ ያህል ደረቅ ድንጋይ አለ። በዝናብ ጊዜ ውሃ የሚያልፍበት መስመር መሆኑ ያስታውቃል፤ አሁን ግን ድንጋዮቹ ነጭ ሆነው ደርቀዋል።

አለቱን ዞረች። በመጀመሪያ የመጣው ብርዱ ነው፤ ፊቷን መታት፣ ዓይኗን አስነባት። ቀጥሎ ከአለቱ ሥር ያለውን ኩሬ አየች። ስፋቱ ከአንድ ቤት ወለል አይበልጥም። ውሃው ከጥቁር ስንጥቅ ይወጣና መልሶ ድንጋይ ሥር ይገባል፤ ወደ ወንዙ የሚወርድ ጅረት የለውም። ወለሉ በልሙጥ ቡናማ ድንጋይ የተነጠፈ መሰላት። ጎንበስ ብላ ልብ ብላ ስታይ ድንጋዮቹ ይተነፍሳሉ።

ዓሦች ነበሩ። ጎን ለጎን፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ወለሉን ሞልተውታል። መስመሩ ሳይደርቅ ከወንዙ መጥተው ሁሉም አፋቸውን ወደ ስንጥቁ መልሰዋል። ማንም አይዋኝም፣ ማንም አይሻማም፤ ጭራቸው ብቻ፣ ሁሉም በአንድ ፍጥነት፣ ቀስ እያለ ወዲህና ወዲያ ይላል። ጉንጫቸው ሲከፈት አብሮ ይከፈታል፣ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ያ ሁሉ ዓሣ አንድ ነገር ሆኖ ይተነፍስ ነበር። ክንዷን የሚያህሉ አሮጌ ዓሦች አሉ፤ ጣቷን የማያህሉም በትላልቆቹ ሆድ ሥር ተሰልፈዋል። በሌላ ጊዜ ትልቁ ትንሹን ይበላዋል። እዚህ አይበላላም።

ሩቂያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዘንጉን ከጎኗ አስተኛችው። ሃያ ዓመት እነዚህን ዓሦች አንድ በአንድ ስታውቃቸው ኖራለች፤ በጋውን የት እንደሚያሳልፉ ግን አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች። ብርዱ እስከ ክርኗ አጥንቷን ያዘው። ዓሦቹ አልሸሹም። ለእጇ ያህል ቦታ ለቀቁላትና እንደገና ተጠጉ፤ ጎናቸው በጣቶቿ መካከል ይተነፍስ ነበር። እጇ እስኪደነዝዝ አላወጣችውም። ሲደነዝዝ በሌላኛው ተካችው። እንዲህ ስታደርግ ፀሐይ አናቷ ላይ ደረሰች።

ለማንም ሳትናገር ሦስት ቀን ቆየች። ባትሪ ቀየረች፣ በላች፣ ተኛች። ካልተናገረች ወንዙ በስድስት ቀን ውስጥ ወደ ቧንቧ ይገባል። ከተናገረች ዘንጓ ግድግዳ ላይ ይቀራል። የሚያስቸግራት ይህ ብቻ አልነበረም፤ ታናሽ እህቷ ዘሃራ በሮቤ መንገድ ዳር ስንዴ ዘርታ ያንን ቧንቧ ስትጠብቅ ነበር። በልጉ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቆረጥ ስንዴው ገና ከመሬት አንድ ስንዝር ብቅ ብሎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ዘሃራ ሄዳ ያየችውን ነገረቻት።

"ለዓሣ ብለሽ ነው?" አለች ዘሃራ።

"ለዓሣ ብዬ ነው።"

"ስንዴው እኮ የልጆቼ ነው፣ ሩቂያ።"

"አውቃለሁ። በተራ የምንቀዳው ጉድጓድ ውሃ አለው፤ ለእኔ የሚደርሰኝን ተራ ውሰጂ። ዓሦቹ ግን ሌላ ጉድጓድ የላቸውም።"

ሩቂያ ስትወጣ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

በማግስቱ፣ በሰማንያ ስምንተኛው ቀን፣ ይትባረክን ይዛው ወጣች። መቁጠሪያውን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ እያለከለከ፣ ሁለት ጊዜ አርፎ ደረሰ። የዓሣ ቁጥር በሥራው በየቀኑ ያያል፤ ውሃ ውስጥ ያለ ሕያው ዓሣ በዓይኑ አይቶ ግን አያውቅም። አለቱን ሲዞር ቆመ። ቀስ ብሎ ተንበረከከ፣ ከዚያ በሆዱ ተኛ፣ አገጩን ድንጋዩ ላይ አስደገፈ።

ብዙ ቆይቶ መቁጠሪያውን ወደ ውሃው አመለከተ። መሣሪያው እስከ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቆጠረና ወደ አንድ ተመለሰ። እንደገና ሞከረ፤ ሁለት መቶ ዘጠና ላይ ቆመ። በሦስተኛው "አንድ" ብሎ ጻፈ።

"ለያይቶ አያያቸውም" አለ ይትባረክ በሹክሹክታ። "ተያይዘው ነው የሚተነፍሱት።"

"አየሁ።"

"እንዴት ነው የተስማሙት?"

"አላውቅም፣ ልጄ። ሦስት ቀን አስቤበት አላገኘሁትም።"

መሣሪያውን አጥፍቶ ከአንገቱ አወለቀ። "ቁጥር ማስገባት አለብኝ" አለ። ጣቱን አንስቶ በእጁ መቁጠር ጀመረ፤ ስድሳ ደርሶ ተሳሳተ፣ እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ተሳሳተ። በመጨረሻ ማስታወሻውን ከኪሱ አውጥቶ "ከአንድ ሺህ ያላነሰ፣ በዓይኔ ያየሁት" ብሎ ጻፈና ፈረመ። ከዚያ ሩቂያን ቀና ብሎ አያት።

"ልላከው?"

ሩቂያ አምባሯን ከክንዷ ፈትታ ሰጠችው። ሃያ ዓመት ታስሮ የኖረበት ቆዳ ከሌላው ነጥቶ ነበር። "ላከው" አለችው።

በሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ ዌብ የተዘጋ ውሃ ተባለ። ቧንቧው ሳይከፈት ቀረ። ስለ ዘጠና ቀኑ ደንብ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ በሌሎች ወንዞች ያሉ ምሰሶዎች እንደ ወትሮው ይጽፋሉ። በዲንሾ አንዳንድ ሰው ሩቂያን መንገድ ላይ አቁሞ እጇን ጨበጣት፣ አንዳንዱም ሰላምታዋን ሳይመልስ አለፈ። ዘሃራ የሩቂያን የጉድጓድ ተራ ወሰደች፤ ከስንዴዋ ግማሹን አተረፈች። ከእህቷ ጋር ግን አልተነጋገረችም። ሩቂያ ባትሪ ስትቀይር ትከሻዋ እንደገና ያማት ጀመር።

ሁለተኛው በጋ ሰማንያ ሰባት ቀን ቆየ። በሐምሌ ስምንት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስልኮቹ ምንም ሳይሉ፣ ከሰነቴ አምባ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሩቂያ የባትሪ ጣቢያውን ዘግታ በእግሯ ወደ ላይ ወጣች። ከግጦሹ አጥር ስትደርስ ከኋላዋ የሚከተላት ሰው እንዳለ አወቀችና ዞር አለች። ዘሃራ ነበረች፤ ላስቲክ ተከናንባ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ።

"ማሳው ላይ ዘንቧል" አለች ዘሃራ። አብረው ወጡ።

አለቱ ጋ ሲደርሱ ዝናቡ ወፍራም ነበር። በደረቁ ድንጋዮች መካከል ውሃ መሄድ ጀምሯል፤ በመጀመሪያ እንደ ክር፣ ቀጥሎ እንደ ገመድ፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው። ኩሬው ከዳሩ ሞልቶ ሲፈስ ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከስንጥቁ ሥር አንድ ትልቅ ጥቁር ጀርባ ተነሳ፣ ዞረ፣ ወደ መውጫው መጣ። ሌሎቹ ተከተሉት።

ውሃው ገና ስላልሞላ ጀርባቸው ከላይ ይታያል። በድንጋዮቹ ላይ በጎናቸው እየተንሸራተቱ፣ እየተገፉ፣ ወርቃማ ሆዳቸው እየበራ አርባውን እርምጃ ወረዱ። ድምፅ ነበራቸው፤ ብዙ ሰው በባዶ እግሩ እርጥብ ሣር ላይ የሚሮጥ ይመስላል። አሮጌዎቹ ቀድመው አለፉ። ከኋላ ትንንሾቹ መጡ፤ ቁጥር የላቸውም፣ እንደ ፈሰሰ እህል ናቸው። ሁለቱ እህቶች መካከል ላይ ቆመው ነበርና በእግራቸው ዙሪያ ተከፍለው አለፉ።

"የት ነው የሚሄዱት?" አለች ዘሃራ።

"ወደ ታች። ወደ ወንዙ ሁሉ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ዘሃራ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ይዛ ነበር። አንዱን እግሯን አንስታ ወደ ዳር ልትወጣ አለችና የምታሳርፍበት ባዶ ቦታ አጣች። እግሯን እንዳነሳች፣ የእህቷን ትከሻ ተደግፋ፣ እስኪያልፉ ድረስ በአንድ እግሯ ቆመች።